ፊደላችን ወደ ኮምፒውተር የገባው በእነማን እጅ ነው?

«መንዝ» ሦስት ፊደላት ብቻ ያሉት አጭር ቃል ነው። በመሐል ሜዳ የሚማር አንድ ወጣት ይህን ቃል በእጅ ስልኩ ጽፎ ዓለም ከተማ ወይም ራቤል ለሚገኝ ጓደኛው ቢልክለት፣ በመሠረቱ የሚጓዘው የፊደላቱ ምስል ሳይሆን 4632፣ 4757 እና 4829 የተባሉ ሦስት ቁጥሮች ናቸው። የጓደኛው ስልክ የሌላ ፋብሪካ ምርት ቢሆንም ቁጥሮቹን ተቀብሎ መልሶ «መንዝ» ያደርጋቸዋል። ይህ ዛሬ ማንም ልብ የማይለው ነገር በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፈጽሞ አልነበረም። ነገሩን ከጀመሩት ኢትዮጵያውያን መካከል አንዳንዶቹ ደግሞ ለእንጀራቸው የሚሠሩት ፈጽሞ ሌላ ሥራ እንደነበር ስንቶቻችን እናውቃለን?

ዶክተር አበራ ሞላ ሙያቸው የእንስሳት ሕክምና ነው። ነዋሪነታቸውን በአሜሪካዋ ኮሎራዶ ክፍለ ግዛት ያደረጉት እኚህ ሰው በ1980ዎቹ «ሞዴት» የተሰኘውን የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ሠርተው አቀረቡ። በዚያ ዘመን የታወቀው የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ፊደላቱን ቆራርጦ፣ ለግዕዙ ቀለም ጭረትና ቀለበት እየቀጠለ ካዕቡንና ሣልሱን የሚያበጅ ነበር፤ ውጤቱም የተጣመመ ፊደል ነው። ዶክተር አበራ የመረጡት መንገድ እያንዳንዱ ቀለም ሳይቆረጥ ሙሉ ሆኖ እንዲቀመጥ፣ ጸሐፊውም አንድ ወይም ሁለት ቁልፍ መትቶ እንዲያገኘው ማድረግ ነው። በዚሁ ጉዳይ ላይ መሥራታቸውን ሳያቋርጡ ቆይተው ሚያዝያ 2015 (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያን ቀለማት ስለማስገባት ዘዴ በቁጥር 9,000,957 የተመዘገበ የአሜሪካ የፈጠራ መብት አግኝተዋል። ከመጀመሪያው ፕሮግራም እስከዚህ ቀን ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ርቀት መኖሩን አንባቢ ያስተውል።

መሐንዲሱ ፍሥሐ አጥላው በበኩላቸው በሂውሌት ፓካርድ ኩባንያ እየሠሩ «ዳሸን ኢንጂነሪንግ» በተባለው የግል ድርጅታቸው ስም የአማርኛ ፕሮግራም አወጡ። በ1990ዎቹ ደግሞ በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ይትና ፍርድይወቅ ከዳንኤል ያዕቆብ ጋር በመሆን፣ ኢሜይል ከላቲን ፊደል በቀር ሌላ በማያስተላልፍበት ጊዜ፣ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል እየለዩ በመጠቀም የእኛን ፊደል ሳይዛነፍ መወከል የሚችሉበትን ሥርዓት ዘረጉ።

ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ለየብቻው መሥራቱ ብርቱ ዋጋ አስከፍሏል። በዚያን ጊዜ አንድ የፊደል ገበታ ሊይዝ የሚችለው ቢበዛ 256 ምልክቶችን ነው፤ የእኛ ቀለማት ግን ከዚያ ይበልጣሉ። ስለዚህ አንዱ ባለሙያ ፊደሉን በሁለት ገበታ ከፈለው፤ ሌላው ጥቂት የማይዘወተሩ ቀለማትን ተወ፤ ሦስተኛው የራሱን ቅደም ተከተል አወጣ። ኋላ በገበያ የታወቁት አጋፋሪ፣ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝም እንዲሁ የየራሳቸው ገበታ ነበራቸው። በአንደኛው የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፕሮግራም በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ክምር ይሆናል። በዚያ ዘመን የመመረቂያ ጽሑፉን በአማርኛ ያዘጋጀ ተማሪ ሁሉ ይህን መከራ ሳይቀምስ አልቀረም።

መፍትሔው የመጣው ከተሻለ ፕሮግራም አልነበረም፤ ከስምምነት ነው። የዜሮክስ ኩባንያው ጆ ቤከር በ1988 (እ.ኤ.አ.) ለዓለም ጽሕፈቶች ሁሉ አንድ የጋራ የቁጥር ገበታ ይኑር የሚል ሐሳብ ጽፎ አቀረበ። ስሙም «ዩኒኮድ» ተባለ። የኢትዮጵያ ፊደል በዚህ ገበታ እንዲገባ ቤከርን ጨምሮ ፍሥሐ፣ ይትናና ዳንኤል ደከሙበት፤ በ1999 (እ.ኤ.አ.) በወጣው ሦስተኛ እትምም 345 ቀለማት፣ አኃዞችና ነጥቦች ቋሚ ቁጥር አገኙ። በ2005 ሌሎች ቋንቋዎቻችን የሚገለገሉባቸው ተጨማሪ ቀለማት ተከተሉ፤ ምዝገባው እስከ 2021 ድረስ ቀጥሏል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ከሁሉም የሚልቀው ሥራ ይህ ነው። ፕሮግራሞቹ አርጅተው ተጥለዋል፤ ቁጥሮቹ ግን በያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ አሉ።

የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም ሆነ የሌላ ተቋም ተማሪ፣ የተመደበበት ክፍል የዕፀዋት ሳይንስ ወይም ታሪክ ቢሆን፣ ኮምፒውተርን በግሉ ቢማር ምን ይጠቅመዋል? ሙያውን መቀየር አለበት ማለት አይደለም። የእንስሳት ሐኪሙ የእንስሳት ሐኪምነታቸውን አልተዉም። ደግሞም ሥራውን ለመጀመር ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። እነሆ አንድ ምሳሌ፦ በዩኒኮድ ፊደላችን በስምንት በስምንት ረድፍ ስለ ተደረደረ፣ የአንድን ቀለም ቁጥር ለ8 አካፍለን ቀሪውን ብናይ ቤቱን እናገኛለን። ቀሪው 0 ከሆነ ግዕዝ፣ 1 ካዕብ፣ 2 ሣልስ፣ 3 ራብዕ፣ 4 ኃምስ፣ 5 ሳድስ፣ 6 ሳብዕ ነው። 4632 ለ8 ሲካፈል ምንም አይቀረውም፤ እውነትም «መ» ግዕዝ ነው። 4757 እና 4829 አምስት ይቀራቸዋል፤ «ን» እና «ዝ» ሳድስ ናቸው። ከአኃዞች፣ ከነጥቦችና ከጥቂት ልዩ ቀለማት በስተቀር ሕጉ ይሠራል። ቤት የሚመታና የማይመታ ስንኝ የሚለይ ፕሮግራም ለመጻፍ ከዚህ መነሣት ይቻላል።

ገና ያልተቋጨ ሥራም ሞልቷል። የመርሐቤቴን ስም እንውሰድ። አንዱ «መርሐቤቴ»፣ ሌላው «መርሃቤቴ»፣ ሦስተኛው «መራቤቴ» ብሎ ይጽፈዋል። ለአንባቢ ሦስቱም አንድ አገር ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን «ሐ» 4624፣ «ሃ» 4611 ስለሆኑ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው፤ ሦስተኛው ደግሞ ፊደሉ ጭራሽ የለውም። የጤና ጣቢያ ወይም የትምህርት ቤት መዝገብ በኮምፒውተር ሲፈለግ አንዱ ሰው ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ይገኛል፤ ወይም ጨርሶ አይገኝም። ዳንኤል ያዕቆብ ፐርል በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ለፊደላችን በነፃ ካበረከታቸው መሣሪያዎች መካከል ቃላትን በድምፃቸው ለማመሳሰል የሚረዳ ይገኝበታል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ፕሮግራሙ ሁሉንም «ሀ» አንድ፣ ሁሉንም «ሰ» አንድ ቢያደርግ ፍለጋው ይቀላል፤ ነገር ግን ሥዕል የሣለው «ሠዐለ» እና የለመነው «ሰአለ» ልዩነታቸው ይጠፋል። ስለዚህ ባለቤቱ የጻፈው ስም ሳይነካ ይቀመጣል፤ የተስተካከለው ቅጂ በሌላ ዓምድ ለፍለጋ ብቻ ያገለግላል። «መራቤቴ»ን ከ«መርሐቤቴ» ጋር የሚያገናኘው ሕግ ግን በስሌት አይገኝም፤ የስሞቹን ዝርዝር አገሩን የሚያውቅ ሰው ቁጭ ብሎ መጻፍ አለበት።