ኮሌራን መርዝ ያስታጠቀው ቫይረስ

ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ባሌ ዞን፣ ሐረና ቡሉቅ ወረዳ ላይ የተነሳው ኮሌራ ውሎ አድሮ ወደ ጉጂና ቦረና ዘለቀ። ወቅት ቆጥሮ የሚጠበቀው ዝናብ ደጋግሞ በቀረበት ቆላ፣ ሰውና ከብት አንድ ኩሬ ሲጋሩ በሽታው መንገድ አላጣም። ከቡሌ ሆራ ቁልቁል ባሉት ከተሞች ስሙ አተት ነው። ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ እጅ መታጠብ ብዙ ተብሏል፤ ልክም ነው። የኮሌራ ባክቴሪያ የሚያመነጨው መርዝ ከየት እንደመጣ ግን እምብዛም አይወራም። ባክቴሪያው መርዙን ያገኘው ከቫይረስ ነው።

ባክቴሪያም እንደ እኛው በቫይረስ ይያዛል። ባክቴሪዮፌጅ፣ ባጭሩ ፌጅ የሚባሉት እነዚህ ቫይረሶች የሰውን ሴል አያጠቁም፤ አንጀታችን ውስጥ ግን ስፍር ቁጥር የላቸውም። አንዳንዶቹ ባክቴሪያው ውስጥ ተባዝተው አፈንድተውት ይወጣሉ። ሌሎቹ ዘረመላቸውን ከባክቴሪያው ዘረመል ላይ ሰክተው አብረውት ይኖራሉ፤ እሱ በተራባ ቁጥር እነሱም ይራባሉ። ማቲው ዋልዶርና ጆን መካላኖስ እ.ኤ.አ. በ1996 እንዳሳዩት፣ የኮሌራን መርዝ የሚያሠራው ዘረመል የእንዲህ ያለ ፌጅ ነው።

መርዙ የአንጀት ሴሎች ክሎራይድ ያለማቋረጥ እንዲያፈስሱ ያስገድዳል። ጨው ሲወጣ ውሃ ይከተለዋል፤ የጠናበት አዋቂ በሰዓት እስከ አንድ ሊትር ሊያጣ ይችላል። ደግነቱ ሶዲየምና ግሉኮስ ተያይዘው የሚገቡበትን በር መርዙ አይዘጋውም። ኦአርኤስ የሚባለው የሚጠጣ የጨውና የስኳር ውህድ ነፍስ የሚያድነው በዚሁ በር ገብቶ ነው።

የኮሌራን ባክቴሪያ የሚያፈነዱ ፌጆችም አሉ። ባንግላዲሽ ውስጥ በታማሚዎች ሰገራ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት፣ ከባክቴሪያው አንጻር እነዚህ ፌጆች የበዙባቸው ሰዎች የሰውነታቸው ፈሳሽ ማነስ ቀለል ያለ እንደነበር አሳይቷል። ፌጁ አዳናቸው ለማለት ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ሐሳቡ ግን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1917 ፌጅን በፓሪስ የገለጸው ፌሊክስ ዴሬል፣ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ሕንድ ሄዶ በፑንጃብ መንደሮች የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ፌጅ ጨምሯል።

ኤላ የሚባሉትን የቦረና የውሃ ጉድጓዶች ለሚያውቅ ሰው ይህ ያጓጓል። እኔ ግን አልቸኩልም። አንድ ፌጅ የሚያጠቃው ጥቂት የባክቴሪያ ዝርያ ነው፤ ባክቴሪያውም ቶሎ ተለውጦ ያመልጠዋል። ከሁሉ በላይ፣ የሚጨመረው ፌጅ ራሱ መርዝ ተሸካሚ አለመሆኑ በዘረመል ምርመራ መረጋገጥ አለበት። እስከዚያው ውሃው ላይ የሚጨመረው ክሎሪን ነው።