ከጎረቤላ እስከ ቀይ ባሕር ወለል

ጎረቤላ ያለች እናት ጂዳ ከምትኖረው ልጇ ጋር በኢሞ ስትነጋገር ድምፁ በየት በኩል እንደሚሄድ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ብዙዎቻችን «በሳተላይት ነዋ!» እንላለን። ነገሩ ግን ሌላ ነው። በክፍለ ዓለማት መካከል ከሚተላለፈው መልእክት ከመቶ 95 እጅ በላይ የሚጓዘው በሰማይ ሳይሆን በባሕር ሥር በተዘረጋ ገመድ ውስጥ ነው።

አንኮበርና ባሕር የተዋወቁት ዛሬ አይደለም። ከጎረቤላ ቁልቁል የምትገኘው አልዩ አምባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሸዋ የንግድ በር ነበረች። የአርጎባ፣ የአፋርና የሐረር ሙስሊም ነጋዴዎች በዓርብ ገበያዋ ይገናኙ ነበር። ከአሳል ሐይቅ የወጣው ጨው በግመል ተጭኖ ይመጣል፤ ከዚህም ቡናና የዝሆን ጥርስ፣ መሸሸግ አይገባምና ባሪያም ጭምር፣ ወደ ታጁራ ወደብ ይወርዳል። በ1833 ዓ.ም. ከታጁራ ተነሥቶ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስ በዚያው የቆላ መንገድ ላይ ሳምንታት ፈጅቶበታል።

ዛሬ መልእክታችን የሚወርደው ወደዚያው ጠረፍ ነው። ከስልኩ ወደ አንቴናው በአየር፣ ከዚያ በምድር መስመር ወደ መሀል አገር ይደርስና ከአገር ይወጣል። መውጫዎቹ በጅቡቲ፣ በሱዳንና በኬንያ በኩል ሲሆኑ፣ ለባሕሩ ቅርብ የሆነው ጅቡቲ ዋነኛው ነው። በገመዱ ውስጥ ያለው ፀጉር የሚያህል የጠራ የመስታወት ክር ነው፤ ድምፁም ምስሉም በብርሃን ብልጭታ ተለውጦ ይሄድበታል። ብርሃን በመስታወት ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ከጅቡቲ ጂዳ ለመድረስ የሴኮንድ መቶኛ እንኳ አይፈጅበትም። ሆኖም ጥሪው በአቋራጭ ላይሄድ ይችላል፤ የኩባንያው ማሽን አውሮፓ ከሆነ እዚያ ደርሶ ይመለሳል። ጎረቤላና ደብረ ብርሃን ያሉ ሁለት ወንድማማቾች በኢንተርኔት ሲነጋገሩ እንኳ ቃላቸው ባሕር ሊሻገር ይችላል። በተራ የስልክ ጥሪ ቢሆን ግን ከአገር አይወጣም።

ይህን ሁሉ የተሸከመው ገመድ በጥልቁ ባሕር ላይ ውፍረቱ የአትክልት ውኃ ማጠጫ ጎማ ያህል ብቻ ነው። በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ ከ150 እስከ 200 የሚደርስ ጉዳት ይደርስበታል፤ አብዛኛው የመርከብ መልሕቅና የዓሣ አጥማጅ መረብ የሚያመጣው ነው። (ሻርክ ይበላዋል የሚባለው ወሬ ከእውነቱ በጣም የተጋነነ ነው።) ጦርነት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የየመን ሁቲዎች «ሩቢማር» የተባለችውን የጭነት መርከብ መቷት፤ መርከበኞቹ መልሕቅ ጥለው ወጡ። መርከቧ ግን መልሕቋን እየጎተተች በመንሳፈፏ ሦስት ገመዶች ተቆረጡ። ሦስቱም ጅቡቲን የሚነኩ ናቸው። ጠጋኝ መርከብ ቦታው ድረስ ሄዳ፣ ሁለቱን ጫፎች ከወለሉ አውጥታ፣ ክሩን በክር መቀጠል አለባት፤ በጦርነት ቀጣና ይህ ቀላል ስላልሆነ ጥገናው ወራት ፈጀ። በጳጉሜን 2017 ደግሞ ጂዳ አጠገብ ሌሎች ገመዶች ተቆረጡ።

አንድ ገመድ ብቻ ያለው አገር ምን እንደሚደርስበት ሶማሊያ በ2009 ዓ.ም. ሰኔ አይታዋለች። አንድ መርከብ ሞቃዲሾን የሚያገለግለውን ገመድ በጥሳ ደቡባዊው የአገሪቱ ክፍል ከሦስት ሳምንት በላይ ኢንተርኔት አጣ፤ መንግሥት በቀን 10 ሚሊዮን ዶላር እየከሰርን ነው አለ። ባንኩም ንግዱም ተስተጓጎለ፤ ውጭ አገር ካለ ዘመድ ጋር መገናኘትም ጭንቅ ሆነ። ኋላ ላይ «ዳሬ አንድ» የተባለው ገመድ ጅቡቲን፣ ቦሳሶን፣ ሞቃዲሾንና ሞምባሳን በባሕር ሥር አያያዘ። ሁለቱ የሶማሊያ ጠረፍ ከተሞች ሁለተኛ መንገድ አገኙ ማለት ነው።

የኛ አገር ወደብ የላትምና ገመዱን ራሷ ከባሕር ማውጣት አትችልም። በእጇ ያለው የምድሩ መስመር ነው። በ2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም፣ ጅቡቲ ቴሌኮምና የሱዳኑ ሱዳቴል ከጅቡቲ በኢትዮጵያ አቋርጦ ፖርት ሱዳን የሚደርስ «ሆራይዘን» የተባለ የፋይበር መስመር ለመዘርጋት ተስማምተዋል። ሐሳቡ በባብ አል መንደብ አካባቢ ያለውን አደገኛ ባሕር በየብስ መዝለል ነው። ይሁን እንጂ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ሱዳን ራሷ የጦርነት ምድር ሆናለች።