መድኃኒቱን ይዘው ከመውጣትዎ በፊት

ከፋርማሲ ባለሙያ ለሴቻ ነዋሪዎች የተሰጠ ምክር ነው፤

1. ቀኑን ይዩ፦ የአገልግሎት ማብቂያው በአብዛኛው የሚጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። «03/2026» ማለት እስከ መጋቢት 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው እንጂ በእኛ አቆጣጠር 2026 ዓ.ም. ማለት አይደለም።

2. ሰዓቱን ይጠይቁ፦ የወባ መድኃኒቱ ኮአርተም ሁለተኛው ዶዝ የሚወሰደው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት ቆይቶ እንጂ የግድ 8 ሰዓት ላይ አይደለም። ከዚያ ጠዋትና ማታ ለሁለት ቀን፣ ከምግብ ወይም ከወተት ጋር ይውሰዱ። ትኩሳቱ ቢለቅዎትም ስድስቱንም ዶዝ ይጨርሱ።

3. ይንገሩን፦ እርግዝና፣ አለርጂ ወይም ሌላ መድኃኒት ካለ፣ ሽፈራውን (ሞሪንጋን) ለመድኃኒትነት የሚጠጡ ከሆነም አይደብቁን።

4. በራስዎ አነጋገር ይድገሙልን፦ ምን መድኃኒት ነው? ለምን? ስንት? ለስንት ቀን?

ወረፋው ቢረዝምም ሳይገባዎት አይሂዱ። መጠየቅ መብትዎ፣ ማስረዳት ግዴታችን ነው። ለቤተሰብዎ ያጋሩ።