ታሪክ በእግሩ ክፍል ሲገባ



«ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?» ታሪክ የሚያስተምር ሰው ይህን ጥያቄ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚሰማ የደረሰበት ያውቀዋል። «አዎ» ካልኩ ሁሉም ይጽፋል፤ «አይ» ካልኩ እስክሪብቶው ይቀመጣል። ልጆቹን አልወቅስም። ለስድስት ተማሪ አንድ መጽሐፍ በሚደርስበት ክፍል ውስጥ ታሪክ ማለት እኔ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ዓመተ ምህረት ብቻ ነው። የሚታይ የለ፣ የሚዳሰስ የለ።

በሌሎች አገሮች ለዚሁ ችግር የሚጠቀሙበት አንድ ዘዴ አለ። በአማርኛ «ሕያው ታሪክ» ልንለው እንችላለን። ዛሬ ስለሱ ላጫውታችሁ። እኔም ሞክሬው የተሳሳትኩትንና የተሳካልኝን መጨረሻ ላይ እናገራለሁ።

ሕያው ታሪክ ማለት ምንድነው?

ባጭሩ፣ ሰዎች የጥንቱን ልብስ ለብሰው፣ የጥንቱን ዕቃ ይዘው፣ የጥንቱን ሥራ በተመልካች ፊት እየሠሩ ታሪክን ሲያስተምሩ ማለት ነው። ከቴአትር የሚለየው ተመልካቹ ጣልቃ ገብቶ መጠየቅና ዕቃውን መንካት መቻሉ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በስዊድን አገር አርቱር ሀዜሊዩስ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1891 ስቶክሆልም ውስጥ ስካንሰን የተባለውን የአየር ላይ ሙዚየም ከፈተ። ከየአውራጃው የገበሬ ቤቶችን እያስነቀለ አምጥቶ እዚያ አስተከለ፤ የየአካባቢውን ልብስ የለበሱ ሰዎችም አኖረበት። በእንግሊዝ ደግሞ በ1968 ሲልድ ኖት የተባለ ማኅበር ተቋቁሞ የ17ኛውን መቶ ዘመን የእርስ በርስ ጦርነት በሜዳ ላይ ማሳየት ጀመረ። በ1972 የተቋቋመው ኧርሚን ስትሪት ጋርድ የሮማን ወታደር ትጥቅ እያጠና ይሠራል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ለእኛም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በ1888 ዓ.ም. የተገኘውን የዓድዋን ድል ለማሰብ በየዓመቱ የካቲት 23 ቀን አዲስ አበባ ላይ ጎፈር አድርገው፣ ጋሻና ጦር ይዘው፣ እየፎከሩ የሚወጡትን ያየ ሰው ምን እንደምል ይገባዋል። ልዩነቱ እዚያ በዓል ነው፤ ሕያው ታሪክ ግን ትምህርት ነው።

ትምህርት ቤት ሲመጡ ምን ያደርጋሉ?

በእንግሊዝ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ስለ ሮማውያን ይማራሉ። እንግዲህ አንድ ቀን በሩ ይንኳኳና የሮማ ወታደር የለበሰ ሰው ሳጥን ተሸክሞ ይገባል። ሳጥኑ ውስጥ የራስ ቁር፣ ጋሻ፣ ጫማና ትንሽ የእጅ ወፍጮ አለ። ልጆቹ ጋሻውን ያነሳሉ፤ ይከብዳቸዋል። ስንዴውን ይፈጫሉ፤ ክንዳቸው ይዝላል። የሮማ ወታደሮች ስምንት ስምንት ሆነው በአንድ ድንኳን ያድሩ እንደነበር፣ እህላቸውንም ራሳቸው እየፈጩ ይበሉ እንደነበር ይሰማሉ። ያኔ ጥያቄው ይለወጣል። «ፈተና ላይ ይመጣል?» የሚለው ይቀርና «ሲታመሙስ ማን ያያቸው ነበር?» ይመጣል።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ሳስብ ሳቅም እልም አለኝ። እነሱ የድንጋይ ወፍጮ እንዴት እንደሚሠራ ለማሳየት ባለሙያ ይጠራሉ። እኛ ካምፕ ውስጥ በወፍጮ ፈጭተው ያደጉ እናቶች ራሽን ለመቀበል ተሰልፈው ይውላሉ፤ የጠየቃቸው ግን የለም።

ሁለት ዓይነት አነጋገር

ይህን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች በሁለት መንገድ ይናገራሉ። የመጀመሪያው በ«እኔ» መናገር ነው። ሰውየው የጥንቱ ሰው ሆኖ ይቀርባል፤ ስለ ስልክ ብትጠይቀው «ምንድነው እሱ?» ይልሃል። ሁለተኛው በ«እነሱ» መናገር ነው። ልብሱን ለብሶም ቢሆን የዛሬ ሰው ሆኖ «እነሱ እንዲህ ያደርጉ ነበር» ይላል።

በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የሚገኘው የፕሊመዝ ሙዚየም ሁለቱንም ጎን ለጎን ያሳያል። ሙዚየሙ የተመሠረተው በ1947 ሲሆን፣ በ1620 ሜይፍላወር በተባለች መርከብ የመጡትን እንግሊዛውያን ታሪክ ይተርካል። ከ102ቱ ተሳፋሪዎች ግማሽ ያህሉ በመጀመሪያው ክረምት አልቀዋል። በእንግሊዛውያኑ መንደር ውስጥ ያሉት ሠራተኞች በ«እኔ» ይናገራሉ። የዋምፓኖአግ ሕዝብ መኖሪያ በተሠራበት በኩል ግን ለረጅም ጊዜ ሠራተኞቹ ራሳቸው የአገሬው ተወላጆች ነበሩ፤ የአያቶቻቸውን ልብስ ቢለብሱም የሚናገሩት እንደ ዛሬ ሰው ነበር። የሞተን ሰው ሆነው አይጫወቱም ነበር፤ «እኛ አሁንም አለን» ማለታቸው ነበር። ሙዚየሙም በ2020 ስሙን ለውጦ የቦታውን የጥንት ስም ፓተክሲትን ጨምሮበታል።

ይህ ልዩነት ለእኛ መምህራን ትልቅ ነገር ነው። የማን ታሪክ ይተወናል? ማንስ ራሱ ይናገር? ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ታሪኩ ሕመም ሲሆን

ቨርጂኒያ ውስጥ ዊልያምስበርግ የምትባል ከተማ አለች። ከ1926 ጀምሮ የ18ኛው መቶ ዘመን መልኳ እንዲመለስ ተደርጎ ታድሳለች። በዚያ ዘመን ከነዋሪዋ ከግማሽ በላይ ጥቁር ነበር፤ አብዛኛውም ባሪያ። ሆኖም ጥቁር ታሪክ ተራኪዎች ሥራ የጀመሩት በ1979 ነው። ጥቅምት 10 ቀን 1994 የባሪያ ጨረታ በአደባባይ ሲያሳዩ ትልቅ ተቃውሞ ተነሳ። «መከራችንን መዝናኛ አታድርጉት» ነበር የተቃዋሚዎቹ ሐሳብ። ዝግጅቱን የመራችው ክሪስቲ ኮልማን ራሷ ጥቁር ናት፤ ከሚሸጡት እንደ አንዷ ሆናም ተውናለች። ትዕይንቱ ካለቀ በኋላ ከተቃዋሚዎቹ መሪዎች አንዱ አመለካከቱ እንደተለወጠ ተናግሯል።

እኔ ይህን ሳነብ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ አቋርጬ የመጣሁትን ትምህርት የቀጠልኩ መሰለኝ። በደስታ ተነሳሁና ክፍሌ ውስጥ ሞከርኩት።

የሠራሁት ስህተት

ትምህርቱ በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ስለነበረው የባሪያ ንግድ ነበር። በ1873 የዛንዚባር የባሪያ ገበያ መዘጋቱን በቃል ከሚሸመድዱ ይዩት ብዬ ክፍሉን ለሁለት ከፈልኩ። ግማሹ ነጋዴ ሆነ፣ ዱላ ያዘ። ግማሹን በሲባጎ አያይዤ አሰለፍኩ። መጀመሪያ ሳቅ ነበር። ወዲያው አንድ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ከሰልፉ ውስጥ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ተነስ» ሲሉት አልነሳም። ሲባጎውን ስፈታለት እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሁለት ቀን ትምህርት ቤት አልመጣም። በሦስተኛው ቀን እናቱ ዘንድ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። «ልጄ ይሄንን በዓይኑ ያየ ነው» አሉኝ፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም። ለእኔ ታሪክ የነበረው ለእሱ ታሪክ አልነበረም። ኮልማን አዋቂ ነበረች፣ አጥንታ ነበር፣ ፈቅዳ ነበር የገባችበት። እኔ ግን ልጆቹን ሳልጠይቅ ነው ያሰርኳቸው።

እንዝርቱ የመጣ ቀን

ካንድ ወሰን በኋላ በሌላ መንገድ ሞከርኩ። በብሎካችን የሚኖሩ አንዲት እናት እንዝርትና ጥጥ ይዘው ክፍል እንዲመጡልኝ ለመንኳቸው። «እኔ ያልተማርኩ፣ ምን አስተምራለሁ?» ብለው ነበር። መጡና ወንበሩን ትተው መሬት ላይ ተቀመጡ። ባዘቶውን በግራ እጃቸው ይዘው እንዝርቱን ሲያሾሩት ክፍሉ ጸጥ አለ። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ የተወለዱት እዚሁ ካምፕ ነው፤ ጋቢ ሲለበስ እንጂ ሲፈተል አይተው አያውቁም።

በሩብ ሰዓት የፈተሉትን ልጆቹ በማስመሪያ ለኩት፤ አሥራ አንድ ሜትር ሆነ። ለአንድ ጋቢ ስንት ቀን ይፈጃል? የሚለው የሒሳብ ጥያቄ ሆነ። ከዚያ ታሪኩ መጣ፤ ጥጡ ከየት ይገዛ ነበር፣ ሸማኔው ማን ነበር፣ የፋብሪካ ጨርቅ ሲመጣ ምን ቀረ።

መጨረሻ ላይ አንዱ እጁን አወጣና «እማማ፣ ከአገር ለምን ወጡ?» አላቸው። እኔ ደነገጥኩ። እሳቸው ግን እንዝርቱን ሳያቆሙ «እሱን ዛሬ አልነግርህም ልጄ። ስለ ጥጡ ጠይቀኝ» አሉት። ልጁም ስለ ጥጡ ጠየቀ።

ያ መሬት ላይ የተቀመጠው ልጅ በዚያ ቀን ፊት ነበር የተቀመጠው። ሦስት ጊዜ ክሩ ተበጥሶበት በአራተኛው አሾረው።

ለመሞከር የምትፈልጉ

አንደኛ፣ ከትወና በፊት ዕቃ ይቅደም። ማረሻ፣ ጀበና፣ አሮጌ ደብዳቤ፣ የወፍጮ ድንጋይ ሁሉም ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ልጆችን ምርኮኛ፣ ባሪያ ወይም ገዳይ አድርጋችሁ አታስተውኑ። ማን ምን እንዳየ አናውቅም።

ሦስተኛ፣ እንግዳውን አስቀድማችሁ «የማይጠየቁት ነገር አለ?» በሏቸው። ያለመመለስ መብት እንዳላቸውም ለልጆቹ ንገሩ።

አራተኛ፣ አንድ ሰው የተናገረው ሁሉ ታሪክ ነው ብላችሁ አትቀበሉ። ሰው ይረሳል፣ ያሳምራልም። የሮማ ወታደር የለበሰውም ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ እንደሚተኛ ያውቃል። ስለዚህ በማግስቱ ወደ መጽሐፉ ተመለሱ፤ የሰሙትን ካነበቡት ጋር ያስተያዩ።

ተማሪዎችም ብትሆኑ መምህር እስኪያዘጋጅላችሁ አትጠብቁ። ዛሬ ማታ አያታችሁን ወይም ጎረቤታችሁን በእጃቸው ምን መሥራት ይችሉ እንደነበር ጠይቁ። የሚነግሯችሁን ጻፉና ይዛችሁልኝ ኑ፤ ፈተና ላይ ባይመጣም አነበዋለሁ።