ሪከርድ የተሰበረበት ክፉ ዓመት

እ.ኤ.አ. በ2009 ፊንላንድ ለምርምርና ልማት ያዋለችው ገንዘብ የጥቅል ምርቷን 3.7 በመቶ ገደማ ደረሰ። በታሪኳ ከዚያ በላይ ሄዶ አያውቅም። ሰንጠረዡን ብቻ ላየ ሰው ዓመቱ የሳይንስ ሠርግ ይመስላል።

ነገሩ ግን ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት ለምርምር የወጣው ገንዘብ ከቀዳሚው ዓመት በጥቂቱ ቀንሷል። ድርሻውን ያሳበጠው በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ቀውስ የአገሪቱ ኢኮኖሚ 8 በመቶ ገደማ መውደቁ ነው። አካፋዩ ሲያንስ መቶኛው ይገዝፋል፤ የአራተኛ ክፍል ሂሳብ ነው፤ ሚኒስትሮችን ግን ሲያሳስት ኖሯል።

ከድምሩ ሥር ሌላም ጉድ ነበር። የፊንላንድ ኩባንያዎች ለምርምር ከሚያወጡት ገንዘብ እጅግ ትልቁን ድርሻ የያዘው አንድ ኩባንያ፣ ኖኪያ ነበር። የስልክ ንግዱ ተንኮታኩቶ በ2014 ለማይክሮሶፍት ተላለፈ። መንግሥትም ቁጠባ ብሎ የምርምር ድጋፉን ቀነሰ። በ2016 ድርሻው ወደ 2.7 በመቶ ወርዶ ነበር።

ይህን ሁሉ ማየት የተቻለው መረጃው በዝርዝር ስለሚሰበሰብ ነው። መለኪያው የተወለደው በ1963 ነው። የዘርፉ ባለሙያዎች ሮም አቅራቢያ በምትገኘው ፍራስካቲ ተሰብስበው፣ እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት ክሪስቶፈር ፍሪማን ባረቀቀው መመሪያ ላይ መከሩ። ስሙም የፍራስካቲ መመሪያ ሆኖ ቀረ። መመሪያው ገንዘቡን ማን ከፈለ፣ ምርምሩን ማን ሠራው የሚሉትን ለየብቻ ያስቆጥራል። ፋብሪካ በየዕለቱ የሚያደርገው የጥራት ፍተሻ ምርምር ተብሎ አይመዘገብም። አሰልቺ ቢመስልም፣ ይህ ልዩነት ከሌለ ማንም መሥሪያ ቤት የዘወትር ሥራውን ምርምር ብሎ ሊያስቆጥር ይችላል።

ፊንላንዶች ከዝርዝሩ ተምረው ሕግ አወጡ። ከ2023 መጀመሪያ አንስቶ በሥራ ላይ የዋለው ይህ ሕግ የመንግሥት የምርምር ገንዘብ በ2030 የጥቅል ምርቱን 1.2 በመቶ እንዲደርስ ያስገድዳል። የአገሪቱ አጠቃላይ ግብ 4 በመቶ ስለሆነ የቀረውን ኩባንያዎች ይሸፍኑታል ተብሎ ይጠበቃል። ግቡን የተስማሙበት የፓርላማው ፓርቲዎች በመሆናቸው መንግሥት በተለወጠ ቁጥር በቀላሉ አይናወጥም። ኩባንያዎቹ ድርሻቸውን መወጣታቸው ግን ገና የሚታይ ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ የአፍሪካ መሪዎች በ2007 አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው አገሮች ቢያንስ የጥቅል ምርታቸውን 1 በመቶ ለምርምር እንዲመድቡ ጠይቀዋል። በዩኔስኮ መረጃ መሠረት የኢትዮጵያ ድርሻ በ2013 0.6 በመቶ ገደማ ነበር፤ በ2017 ደግሞ 0.27። ገንዘቡ ቀንሶ ነው? ኢኮኖሚው ቀድሞት ሄዶ ነው? ወይስ የአቆጣጠሩ ጉዳይ ነው? ከድምሩ ብቻ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ቀጣዩ ቁጥር ሲወጣ ከመቶኛው በፊት የከፋዮቹንና የሠሪዎቹን ዝርዝር ጠይቁ።