ጓደኛ ሲያሳምም

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደ መድኃኒት ቤት ይዘውት የሚመጡት አቤቱታ ተመሳሳይ ነው፤ ራስ ምታት፣ ጨጓራና እንቅልፍ ማጣት። «ከመቼ ጀምሮ?» ተብለው ሲጠየቁ አንዳንዶቹ የሚያነሱት ፈተናን ሳይሆን አብሯቸው የሚኖረውን ሰው ነው።

ከቤተሰቡ ርቆ የተመደበ ተማሪ የዶርም ጓደኞቹን አይመርጥም። በመጀመሪያው ሳምንት የተያዘው ጓደኛ የካፌም፣ የላይብረሪም፣ የመኝታም ጓደኛ ሆኖ ይቀራል። ይህ ጓደኛ በሰው ፊት የሚያሾፍ፣ ከሌላ ጋር ሲታይ የሚያኮርፍ፣ ብድሩን ሲጠየቅ «አላመንከኝም ማለት ነው» የሚል ከሆነ ማታም ማምለጫ የለም።

ሰውነታችን ዘለፋንም እንደ አደጋ ይቆጥረዋል። ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ሆርሞኖችን ይለቃሉ፤ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል። አደጋው ሲያልፍ ሆርሞኖቹ ይቀንሳሉ። ስጋቱ በየዕለቱ ሲመላለስ ግን እንቅልፍ ይሸሻል፣ የምግብ ፍላጎት ይዛባል፣ ያነበቡት አይያዝም። ውሎ አድሮም ተማሪው «ጥፋቱ የኔ ነው» ማለት ይጀምራል፤ እኔ ከሁሉም በላይ የምፈራው ይህንን ነው። (ጨጓራን ግን ሁልጊዜ በጭንቀት ማመካኘት አይገባም። ቁስለቱን በአብዛኛው የሚያመጡት ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያና እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች ስለሆኑ መመርመር ይሻላል።)

የባሰው የሚመጣው ያው ጓደኛ «መፍትሔ» ሲያቀርብ ነው። ለጥናት ብሎ ጫት ይጋብዛል። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ለጊዜው ያነቃቃል፤ ሲበርድ ድብርት ይተካል፣ እንቅልፍም እምቢ ይላል። ያኔ «ይህችን ዋጣት» ተብሎ ዲያዜፓም ወይም ትራማዶል ይሰጣል። ሁለቱም በሐኪም ማዘዣ ብቻ የሚሰጡና ሱስ የሚያስይዙ ናቸው፤ አንድ ላይ ወይም ከአልኮል ጋር ሲወሰዱ ትንፋሽን ሊያቆሙ ይችላሉ። ለሳምንታት የወሰዳቸው ሰው በድንገት ቢያቆም ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው። በተለይ ዲያዜፓም እንዲህ ሲቋረጥ ሰውነትን ሊያንቀጠቅጥና ራስን ሊያስት ስለሚችል በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ይቀነሳል።

«ክፍል ለምን ቀረህ?» ብሎ ለብቻ የሚቆጣ ጓደኛ ከእነዚህ አይቆጠርም፤ እሱን ያዙት። ከሚያሳምመው ለመራቅ ጠብ አያስፈልግም። ዶርም ለመቀየር ፕሮክተሩን ማነጋገር፣ በክፍልም ሆነ በጀማዓ ከሌሎች ጋር መብላትና ማጥናት፣ ከቤተሰብም ለአንድ ሰው እውነቱን መናገር ይቻላል። ድብርቱና እንቅልፍ ማጣቱ ሁለት ሳምንት ካለፈው የተማሪዎች ክሊኒክ ይኬድ። ራሱን ስለመጉዳት የሚያወራ ተማሪ ካለ ግን ቀን አይቆጠርለትም፤ ብቻውን ሳይተው በዚያው ዕለት ሆስፒታል ይወሰድ።