ብሥራተ ወንጌል፦ ከገጃ የተነሣው ድምፅ

በ1960ዎቹ ጉለሌ ውስጥ ሬዲዮኑን የከፈተ ሰው ከመንግሥቱ ጣቢያ ሌላ ምርጫ ነበረው። ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ለአዲስ አበባ አድማጭ የመደበው ባለ 1 ኪሎዋት የመካከለኛ ሞገድ ማሰራጫ ነበር። የጣቢያው ዋና ጉልበት ግን ከከተማው ወጣ ብላ በምትገኘው ገጃ ነበር የተተከለው፤ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎዋት የሆኑ ሁለት የአጭር ሞገድ ማሰራጫዎች። የእነሱ አድማጭ ማዳጋስካር፣ ኢራን፣ ሕንድና ናይጄሪያ ድረስ ይገኝ ነበር።

አጭር ሞገድ ወደ ላይ ወጥቶ አዮኖስፌር ከሚባለው፣ የፀሐይ ጨረር ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ካደረገው የአየር ንብርብር ይነጥርና ሩቅ አገር ላይ ይወርዳል። ንብርብሩ ከሰዓት ሰዓት ስለሚለዋወጥ ቀን የሚያደርስ ሞገድ ማታ ላያደርስ ይችላል።

ድንበር የሚሻገር የግል ሬዲዮ ቀድሞም ነበር። ሬዲዮ ሉክሰምበርግ ከእ.ኤ.አ. 1933 ጀምሮ ቢቢሲ ብቻውን በያዘው የእንግሊዝ አየር ላይ ማስታወቂያና ሙዚቃ ይልክ ነበር። የአዲስ አበባው ጣቢያ ባለቤት ግን ነጋዴ አልነበረም፤ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ነበር። ጣቢያው ፈቃዱን በ1952 ዓ.ም. አግኝቶ የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተመርቆ ተከፈተ። የመጀመሪያው ዋና ዳይሬክተር ኖርዌጂያዊው ሲጉርድ አስከ ነበሩ። የአየር ሰዓቱ ዕቅድ 30 በመቶ ለስብከት፣ 70 በመቶ ደግሞ ለዜና፣ ለትምህርትና ለመሳሰለው ነበር። የቤተ ክርስቲያን ጣቢያ ሆኖ ይህን ያህል ሰዓት ለትምህርት መስጠቱ ዛሬም ቢሆን ሊከበር የሚገባው ውሳኔ ይመስለኛል።

ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ የአሠራሩ ጥበብ ነው። ማላጋሲ፣ ስዋሂሊ፣ ፉላኒ፣ ሃውሳ፣ ታሚልና ቴሉጉ የሚናገር አዘጋጅ ሁሉ አዲስ አበባ ተሰብስቦ እንዲሠራ አልተደረገም። አንትሲራቤ፣ ሞሺ፣ ጆስ፣ ንጋውንዴሬና ሌሎችም ከተሞች የራሳቸው ስቱዲዮ ነበራቸው፤ የአገሩ ሰው በአገሩ ቋንቋ ይቀርጽና የድምፅ ክሩ ወደ አዲስ አበባ ይላካል። ገጃ መልሳ ወደመጣበት አገር ታስተላልፈዋለች። አድማጩ የሚሰማው የጎረቤቱን አነጋገር ነው፤ የድምፁ መንገድ ግን በኢትዮጵያ በኩል ያለፈ ነው።

እዚያው ላይ ድክመቱም ነበረ። ስቱዲዮዎቹ በብዙ አገር ቢበተኑም ማሰራጫው በአንድ መንግሥት መሬት ላይ ቆሟል። መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ደርግ ጣቢያውን ወረሰው፤ ስሙም የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ። የገጃ ማሰራጫዎች በመንግሥት እጅ ሥራቸውን ቀጠሉ፤ በሩቁ አገር ክር ሲቀርጹ የነበሩት ግን ድምፃቸውን የሚያወጣላቸው ሌላ ማሰራጫ መፈለግ ነበረባቸው። የንጋውንዴሬው የፉላኒ ስቱዲዮ፣ ሳውቱ ሊንጂላ፣ ከዚያ በኋላም ሥራውን አላቆመም።